ምዕራፍ ስድስት፦ መጀመሪያ መምረጥ፣ ኋላ መክፈል

በ2008 ዓ.ም የገና ዋዜማ ኔትፍሊክስ አገልግሎቱን በአንድ ጀምበር ከ130 በላይ ለሆኑ አገሮች ከፈተ። ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። በወረቀት ደረጃ ከሄድን፣ ከዚያ ምሽት ጀምሮ በደቡብ ኦሞ ሃና ከተማ ያለ ሰውና ኒውዮርክ ያለ ሰው የአንድ ኩባንያ ደንበኞች መሆን ይችሉ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ብቅ አለ። ከሁለቱ የትኛው በየቤቱ እንደገባ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ልዩነቱን ያመጣው የፊልሙ ጥራት አልነበረም። ኔትፍሊክስ ከደንበኛው አራት ነገር ይጠይቃል፦ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል የባንክ ካርድ፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት፣ የውጭ ቋንቋ ችሎታና በሺዎች ከሚቆጠሩ ርዕሶች መካከል የመምረጥ ትዕግሥት። ቃና የጠየቀው ዲሽና መብራት ብቻ ነው። ምን እንደሚታይ፣ በስንት ሰዓት እንደሚታይ ጣቢያው ራሱ ወስኖ ጨርሶታል።

በአራተኛው ጥያቄ ላይ እንቆይ። ካርዱም ኢንተርኔቱም ቋንቋውም ቀስ በቀስ መፍትሔ ያገኛሉ። ምርጫው ግን አማራጩ በበዛ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ በኋላ ለረጅም ዘመን በአገር ቤት የነበረው ጣቢያ አንድ ብቻ ስለነበር፣ «ምን እንይ?» ብሎ የሚጨነቅ ቤተሰብ አልነበረም። «ሰው ለሰው» የተባለው ድራማ የሚታይበት ሰዓት ሲደርስ አገሩ ሁሉ ያንኑ ያይ ነበር። ዛሬ ዲሹ፣ ዲኮደሩ፣ ዩቲዩቡ፣ ቴሌግራሙና ፍላሹ ተደርድረው አንድ ሰው ይጠብቃሉ፤ እያንዳንዳቸውም በራሳቸው መንገድ ገንዘብ ይወስዳሉ። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሳንመርጥ ከከፈልን፣ የሚመርጥልን ገንዘቡን የተቀበለው ነው።

ሒሳቡ የሚደበቀው የት ነው?

ሃና የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ዲሜና ኩዌጉ የወረዳው ነባር ነዋሪዎች ናቸው። ከኮንሶ መጥተው የሰፈሩም አሉ። በ2003 ዓ.ም የኦሞ ኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ከየአገሩ ሠራተኛ ጎርፏል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጡ ሰዎች በቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። ኳስና የህንድ ፊልም በትንንሽ ከተሞች የሚነግሡት አንድም በዚህ የተነሳ ነው፤ ጎል ሲገባም ሆነ ጀግናው ሲነሳ ሁሉም እኩል ይረዳል።

እንዲህ ባለ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት መምህር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ኔትፍሊክስ ለመግባት ወሰነ እንበል። መጀመሪያ የሚያየው ወርሃዊ ክፍያውን ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ከምንዛሪው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኩባንያው ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር፣ ባለ 10 ዶላር አገልግሎት ከ570 ብር ገደማ ተነስቶ ከ1,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ሒሳባችንን እዚህ ላይ እናቆማለን። ዋናው ወጪ ግን ዳታው ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚገልጸው መካከለኛ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ ኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት፣ ፎርኬ የሚባለው ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። በስልክ ላይ ዳታ ቆጣቢው ሲበራ ግን 1 ጊጋባይት ለ6 ሰዓት ያህል ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ፊልም በኤችዲ 6 ጊጋባይት፣ በቆጣቢው የጊጋባይት ሲሶ ይፈጃል። ፊልሙ ያው ነው፤ ወጪው 18 እጥፍ ይለያያል። በመዳፍ ስፋት ስክሪን ላይ ደግሞ የምስሉ ልዩነት የዋጋውን ልዩነት ፈጽሞ አይመጥንም።

ዩቲዩብም እንዲሁ ነው። በነፃ ነው የምንለው ዳታውን ስለማንቆጥረው ነው። የምስሉን ጥራት ወደ 240 ወይም 360 ዝቅ ማድረግና አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይጀምር መዝጋት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ በማስተካከያው ውስጥ መዝጋት ይቻላል። ይህን ያላደረገ ሰው ብዙ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ካለ፣ ጨርሶ ያላያቸውን ቪዲዮዎች ሒሳብ በየቀኑ ይከፍላል።

የጊዜ ገደብ የሚያደርገው

ባደጉት አገሮች የወርሃዊ ክፍያ ችግር መርሳት ነው። ካርዱ አንዴ ከተመዘገበ ገንዘቡ በየወሩ በራሱ ይቆረጣል። በአሜሪካ የካርድ ክፍያዎችን የመረመሩ ኢኮኖሚስቶች ያገኙት ውጤት ይህን ጉልህ አድርጎ ያሳያል። የደንበኛው ካርድ ጊዜው አልፎ በአዲስ ሲተካና ክፍያውን እንደገና ለመፍቀድ ሲገደድ፣ አገልግሎቱን የሚያቋርጠው ሰው ቁጥር በዚያ ወር ድንገት ይጨምራል። አገልግሎቱ ከባለፈው ወር የተለየ ነገር የለውም። ሰውየው እንዲያስብበት መገደዱ ብቻ በቂ ነበር።

በእኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የምንከፍለው አስቀድመን ነው። የዲኤስቲቪ ወር ሲያልቅ ካልከፈልን ምስሉ ይጠፋል፤ የኢንተርኔት ጥቅል ሲያልቅ ኢንተርኔቱ ይቆማል። በየወሩ እንደገና እንድንወስን መገደዳችን ሳናስበው ያገኘነው ጥቅም ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ክፍያው ከሰልፍ ወደ ስልክ ወርዷል፤ በወሰንነው ሰዓት ከቤታችን ሆነን እንከፍላለን።

የእኛ ወጥመድ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱም የጥቅሉ የጊዜ ገደብ ነው። የቀን ጥቅል በቀኑ፣ የሳምንቱ በሳምንቱ ያልቃል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሊያልፍበት የተቃረበ ዳታ ያለው ሰው «ከሚቃጠልብኝ» ብሎ ያገኘውን ሁሉ ሲከፍት ያመሻል። ሳይርበው፣ ወጡ እንዳይበላሽ ብሎ እንደሚበላ ሰው ማለት ነው። ገንዘቡ የወጣው ጥቅሉ የተገዛ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብናይም ባናይም አይመለስም። የቀረን ሀብት እንቅልፋችን ነበር፤ እሱንም ጨመርንበት።

ለዚህ መድኃኒቱ የግዢውን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። የምናየውን አስቀድመን ከወሰንን የሚያስፈልገን ዳታ ስንት እንደሆነ ይታወቃል፤ ጥቅሉን በዚያ ልክ እንገዛለን። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ የሚረክስ ከሆነ ፊልሙን ሌሊት አውርዶ በማግስቱ ማየት ይቻላል። ኔትፍሊክስ ከእ.ኤ.አ. 2016 መጨረሻ ጀምሮ ፊልም አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየትን ፈቅዷል። ጂንካ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ደርሶ የሚመለስ ሰው የሳምንቱን ይዞ ወደ ሃና መውረድ ይችላል። የወረደው ፊልም ግን የራሱ የጊዜ ገደብ ስላለው ከሚታየው በላይ መከመር ጥቅም የለውም።

ለኳስ ወዳዱም ሒሳቡ ይኸው ነው። ዲኤስቲቪ በኢትዮጵያ ከጎጆ እስከ ፕሪሚየም የተደራረቡ ፓኬጆች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2020 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የማሰራጨት መብት ሲገዛ የአገር ውስጥ ጨዋታም ተጨምሮለት ነበር። የእንግሊዝ ሊግ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ነው የሚካሄደው። ሊጉን ብቻ ብሎ የገባ ሰው በሰኔና በሐምሌ ትልቁን ፓኬጅ የሚከፍልበት ምክንያት የለም፤ ዝቅ ማድረግ ወይም ጨርሶ ማቆም ይችላል። በሳምንት አንድ ጨዋታ ለሚያይ ሰው ደግሞ ኳስ ማሳያ ቤት ገብቶ መክፈል ከሁሉም ይረክሳል። አንድ ክፍያን ለብዙ ሰው የማካፈልን ብልሃት ኳስ ማሳያ ቤቶቻችን ያወቁት ከብዙዎቹ ዲጂታል ኩባንያዎች በፊት ነው።

ስለ ተጋሪ አካውንት አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይግባ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በከፈለው ኔትፍሊክስ መጠቀም ለዓመታት የተለመደ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ከአንድ ቤት ውጭ የሚደረግ መጋራትን በብዙ አገሮች መገደብ ጀመረ። በቴሌግራም «የዓመት አካውንት በርካሽ» የሚሉ ሻጮችም አሉ። የይለፍ ቃሉ በሻጩ እጅ ያለ አካውንት ግን የእርስዎ አይደለም፤ ነገ ቢቀየር የሚከሱት ሰው የለም። የግድ ከሆነም ከአንድ ወር በላይ አይክፈሉ።

ማሽኑና ፍላሽ ጫኙ

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ውድድር አወጀ። ደንበኞች ለፊልም የሚሰጡትን ነጥብ ኩባንያው ከሚገምተው በ10 በመቶ አሻሽሎ ለሚገምት ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። ሽልማቱ የተወሰደው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። «ይህን ሰው ምን ያስደስተዋል?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የኩባንያው ባለሙያዎች ካርሎስ ጎሜዝ-ኡሪቤና ኒል ሀንት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ ሁለት አስገራሚ ነገሮችን ገልጠዋል። የመጀመሪያው፣ ሰዎች ከሚያዩት ሰዓት 80 በመቶ ያህሉ የሚመነጨው ፊልም የሚጠቁመው የኩባንያው ማሽን ካቀረበላቸው ጥቆማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ደንበኛው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ፈልጎ፣ ከ10 እስከ 20 ርዕስ ካየ በኋላ ካልተሳካለት ፍላጎቱ መጥፋቱ ነው። እንግዲህ ማሽኑ የሚሮጠው በዚያች አንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው። ሥራው የሚበጀንን ፊልም ማግኘት ሳይሆን ትተን እንዳንወጣ የሚያደርገንን ፊልም ማግኘት ነው። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ማሽኑ ያላስቀረው ሌላ አማራጭ ደግሞ አለ። በየትንሹ ከተማ አንድ ጠባብ ሱቅ አይጠፋም፤ ስልክ ይጠገናል፣ ካርድ ይሸጣል፣ ፊልምና ዘፈን ይጫናል። ኮምፒውተሩ ላይ «የሐበሻ»፣ «የህንድ»፣ «አክሽን»፣ «ትርጉም»፣ «የልጆች» የሚሉ ፎልደሮች ተደርድረዋል። ደንበኛው ፍላሹን ያቀብልና «ባለፈው የሰጠኸኝን ዓይነት» ይላል። የሱቁ ልጅም «እሱ ዓይነት የለም፤ ግን ይቺን ሞክራት፣ ካልወደድካት ትቀይራለህ» ይለዋል። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በሚሊዮን ዶላር የተፈለገውን ሥራ ይሠራሉ። ልጁ ደንበኛውን ያውቀዋል። ያመጣው ፊልም ካልተወደደ ነገ ፊት ለፊት ይወቀሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍላሿ ትሞላለች፤ ማለቂያ ያለው ዝርዝር ምርጫን ያቀልላል።

ይሁንና ይህ ንግድ ጉድለቱም ግልጽ ነው። የአብዛኛው ፊልም ባለቤት ከዚያ ሱቅ አንድ ሳንቲም አያገኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። ዛሬ ብዙ የአማርኛ ፊልሞችና ድራማዎች በራሳቸው በአዘጋጆቹ ወይም መብቱን በገዙ ቻናሎች ዩቲዩብ ላይ ይወጣሉ። እዚያ የምናየው ለሠሪው በማስታወቂያ በኩል ትንሽም ቢሆን ገቢ ሊያስገኝ ይችላል። ስለዚህ ከፍላሽ ጫኙ እውቀቱን መውሰድ፣ ፊልሙን ግን ከባለቤቱ ማየት ይሻላል። «ምን ልይ?» ብሎ መጠየቅ በየትኛውም አዋጅ አልተከለከለም።

በሠሪው ስም መፈለግ

ደቡብ ኦሞ በኢትዮጵያ ውስጥ የፊልም ካሜራ ደጋግሞ ከጎበኛቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ዩቲዩብ ላይ «ሙርሲ» ብሎ የፈለገ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው የከንፈር ገል እያሳዩ የሚገረሙ ጎብኚዎችን ቪዲዮ ነው። የፍለጋው ማሽን ብዙ የታየውን ያስቀድማል፤ ብዙ የታየውም አስደናቂ ርዕስ የተለጠፈበት ነው። የተሻለው ፊልም ከታች ተቀብሮ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ብልሃት ይሠራል፦ በርዕሰ ጉዳዩ ሳይሆን በሠሪው ስም መፈለግ። ለምሳሌ ዴቪድ ተርተን የተባለው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት በሙርሲዎች ዘንድ ጥናቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ነው። እሱ ያማከራቸውና ሌስሊ ውድሄድ ለግራናዳ ቴሌቪዥን ያዘጋጃቸው ፊልሞች የተቀረጹት ከሃና ብዙም በማይርቅ ምድር ነው፦ «ዘ ሙርሲ» እ.ኤ.አ. በ1974፣ «ዘ ኩዌጉ» በ1982፣ «ዘ ማይግራንትስ» በ1985። የመጨረሻው በድርቅ ምክንያት አገራቸውን ለቅቀው ወደ ማጎ ሸለቆ የተሻገሩ ሙርሲዎችን ታሪክ ይነግራል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሰዎቹ በገዛ ቋንቋቸው ይከራከራሉ፣ ይወስናሉ፣ ይቀልዳሉ። በሐመር በኩል ደግሞ የሮበርት ጋርድነር «ሪቨርስ ኦፍ ሳንድ» የወጣው በዚያው በ1974 ነው። የሐመርን ሴቶች ኑሮ ከቅርብ ማየት የፈለገ ሰው የአንትሮፖሎጂስቷን የጂን ላይዳልን ስም ይዞ ይፈልግ።

ከሁሉም ልቆ የሚታየኝ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ሹቲንግ ዊዝ ሙርሲ» ነው። ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ የተባለ የሙርሲ ተወላጅ ካሜራ ይዞ የራሱን ሕዝብ የቀረጸበት፣ ከቤን ያንግ ጋር የሠራው ፊልም ነው። ካሜራው ከእንግዳ እጅ ወደ ባለቤቱ እጅ ሲገባ የሚያየው ነገር እንዴት እንደሚለወጥ ይህን ፊልም ከአንዱ የጎብኚ ቪዲዮ ጋር ጎን ለጎን ያየ ሰው ይፈርዳል።

ብልሃቱ ለአገራችን ፊልምም ያገለግላል። «የኢትዮጵያ ፊልም» ብሎ መፈለግ የሳምንቱን ወሬ ያመጣል። «ኃይሌ ገሪማ» ብሎ መፈለግ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የተሸለመውን «ጤዛ»ን፣ «ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ» ብሎ መፈለግ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን «ድፍረት»ን፣ «ያሬድ ዘለቀ» ብሎ መፈለግ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የታየውን «ላምብ»ን ያመጣል። አንድ ፊልም ከወደዳችሁ ማወቅ ያለባችሁ የመጀመሪያው ነገር የዳይሬክተሩና የደራሲው ስም ነው። ተዋናዩ በየፊልሙ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ደራሲው ግን ብዙውን ጊዜ ያው ነው።

ለአንድ ቤት የሚሆን ደንብ

ከላይ ያልነውን ወደ ተግባር ስንለውጠው እንዲህ ይሆናል። በወሩ መጀመሪያ ቤተሰቡ ማየት የሚፈልገውን በወረቀት ላይ ይጻፍ። አንድ ተከታታይ ድራማ፣ ሁለት ሦስት ፊልም፣ የወሩ ዋና ዋና ጨዋታዎችና ለልጆች የሚሆን አንድ ነገር ለአንድ ወር ይበቃል። ቀጥሎ ከዝርዝሩ የትኛው በዲሽ በነፃ እንደሚገኝ ይታይ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በብዛት በሚገኙበት በኢትዮሳት በኩል የተስተካከለ ዲሽ ወርሃዊ ክፍያ ስለሌለው፣ ከዝርዝሩ ብዙውን ሊሸፍን ይችላል። በዲሽ ያልተገኘው በዩቲዩብ በባለቤቱ ቻናል ይፈለግ። በሁለቱም ያልተገኘ ነገር ሲኖር ብቻ ወደ ክፍያ ይኬድ፤ ያውም ለአንድ ወር ለአንድ አገልግሎት። ሁለት አገልግሎት የሚያስፈልገው ሰው በአንድ ወር አንዱን፣ በሌላው ወር ሌላውን ቢያፈራርቅ የሚያጣው ነገር የለም። የኔትፍሊክስ ካርድ ያለው ሰው በከፈለበት ቀን ወዲያው ማቋረጫውን ይጫን፤ የከፈለበት ወር እስኪያልቅ ማየት ይችላል፣ የሚቀጥለው ወር ግን ሳይጠየቅ አይቆረጥበትም።

ይህ ደንብ ለአንድ ቤት ነው። ለከተማ የሚሆን ሥራ ግን ገና ይቀራል። በሳላማጎና በሐመር የተቀረጹት ፊልሞች በለንደንና በሌሎች ከተሞች ስብስቦች ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የተቀረጹት ሰዎች ልጆች ግን በገዛ ከተማቸው ሊያዩአቸው የሚችሉበት ቋሚ መድረክ ያስፈልጋቸዋል። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የጥናት ማዕከልም እዚያው ነው። ሁለቱ ተባብረው የፊልሞቹን ዝርዝር በአማርኛ ቢያዘጋጁ፣ ከባለመብቶቹ ፈቃድ ጠይቀው በሃና፣ በዲመካና በቱርሚ ትምህርት ቤቶች ቢያሳዩ፣ ወጪው ከአንድ ፕሮጀክተርና ከአንድ ጄኔሬተር ብዙም አይበልጥም። የአካባቢው መምህራንና ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ለሁለቱ ተቋማት በጽሑፍ ያቅርቡ።